ሁለተኛው ወደ ግራ ማየት ስለ ምን ያስፈልጋል?

መንገድ ከመሻገራችሁ በፊት ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ እንደ ገናም ወደ ግራ ተመልከቱ የሚለውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሁለተኛው ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ግን የሚገልጥልኝ ሰው በልጅነቴ አላገኘሁም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚኤሶ ሜዳ ተነሥቶ ተራራውን በመውጣት ጭሮን፣ ማለት የቀድሞዋን አሰበ ተፈሪን፣ አቋርጦ ወደ ሂርና ይዘልቃል። በገበያ ቀን ከዚህ ጎዳና ዳር ቆማችሁ ወደ ግራ ብትመለከቱ፣ እንጨት የተጫነች አህያ፣ ከኋላዋ ባጃጅ፣ ከባጃጁም ኋላ አይሱዙ ሲመጡ ታያላችሁ እንበል። በሁለቱ ዐይኖቻችን መካከል ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስላለ እያንዳንዱ ዐይን ጥቂት የተለየ ሥዕል ያያል፤ አእምሮም ከልዩነቱ ርቀትን ያወጣል። ይህን እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 አስረድቷል። ለሩቅ ነገር ልዩነቱ ስለሚመነምን፣ የፊተኛው የኋለኛውን መጋረዱና የሩቁ መደብዘዙ ይረዱናል፤ ተራራ ከተራራ ኋላ ሲደበዝዝ እያየ ያደገ የጭሮ ሰው ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

አሁን ፊታችሁን ወደ ቀኝ አዙሩ። በግራ የነበረው ሁሉ ሊቃውንት «የሥራ ትውስታ» በሚሉት መዝገብ ብቻ ቀረ። መዝገቡ ለጥቂት ሴኮንድ የሚያገለግልና ጠባብ ነው፤ ከሦስት ወይም ከአራት ነገር በላይ አጥርቶ አይዝም። ርቀትን ሲመዘግብም፣ በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የቱ ቀርቦ የቱ እንደ ራቀ ቅደም ተከተሉን ይይዛል፤ ልኩን ግን አሳምሮ አይጠብቅም። አህያዋ ከፊት፣ አይሱዙው ከኋላ መሆኑን ሳትጠራጠሩ ትመልሳላችሁ፤ በስንት ሜትር ቢባል ግን መልሳችሁ ግምት ነው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ3 ሴኮንድ 50 ሜትር ይጓዛል። እናንተ ወደ ቀኝ ስትመለከቱ አህያዋን ቀድሟት ሊሆን ይችላል፤ በመዝገባችሁ ግን አሁንም ከኋላዋ ነው።

እኔም አንድ የገበያ ቀን ቀኙን አይቼ እግሬን ሳነሣ አንዲት ወተት ሻጭ እናት ኮቴን ጨምድደው ያዙኝ። አይሱዙው ነፋሱን እየሰደደ በፊቴ አለፈ፤ አህያዋ ገና ከኋላው ትመጣ ነበር።