«ታሞ ነው ያደረገው»፤ ሕጉስ ምን ይላል?

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ወገናችንን በስሙ ጠርተን እንጸልይለታለን። አእምሮው የታመመውን ግን «ትንሽ ተቸግሯል» ብለን በሹክሹክታ እናልፈዋለን። ቤተሰቡም ይሸፍነዋል። የሸፈኑት ነገር የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ሰው ከተጎዳና ፖሊስ በር ካንኳኳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንዱ «ሕግ እብድን አይነካም» ይላል፤ ሌላው «ወንጀለኛ ወንጀለኛ ነው፣ ይታሰር» ይላል። ሁለቱም ሕጉን አላነበቡም።

ለምሳሌ ያህል በከተማችን በሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት አለ እንበል። ለወራት እንቅልፍ አጥቷል፣ ብቻውን ያወራል፣ «ጎረቤታችን ሊመርዘኝ ነው» ይላል። አንድ ማለዳ ያን ጎረቤት በብረት መታው። ምን ይደረጋል?

ሕጉ የሚጠይቀው ጥያቄ

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ላይ «ይህ ሰው እብድ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው ድርጊቱ ስለተፈጸመበት ሰዓት ነው። ሰውየው በዚያ ሰዓት በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት የሚያደርገውን ነገርና ውጤቱን መረዳት አልቻለም ነበር? ወይስ እየተረዳ ራሱን መግዛት አቅቶት ነበር? ከሁለቱ አንዱ ከተረጋገጠ በወንጀል ኃላፊ አይሆንም። ችሎታው ጨርሶ ሳይጠፋ ከቀነሰ ደግሞ አንቀጽ 49 በከፊል ኃላፊ ያደርገዋል፤ ቅጣቱም ይቀልለታል።

ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1843 በእንግሊዝ አገር ዳንኤል ማክናውተን የተባለ ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ተኩሶ ገደለና በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። ሕዝቡ ስለተቆጣ የአገሩ ዳኞች መመዘኛ አወጡ፤ መመዘኛው የሚያየው ሰውየው ማወቅ አለማወቁን ብቻ ነበር። የእኛ ሕግ ራስን የመግዛት ችሎታንም ይጨምራል።

እንግዲህ ቀደም ሲል ሕክምና ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ነጻ ይወጣል ማለት አይደለም። ታሞ የማያውቅ የሚመስል ሰውም ጉዳዩ አይታይለትም ማለት አይደለም።

የሚወስነው ማን ነው?

ቤተሰብ አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም፣ ሐኪሙም ብቻውን አይደለም። በአንቀጽ 51 መሠረት ዳኛው ጥርጣሬ ካደረበት የባለሙያ ማስረጃ ያስቀርባል። ባለሙያው የተከሳሹን የአእምሮ ሁኔታ መርምሮ ያስረዳል። ፍርድ ቤቱ በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ይገዛል፤ ከዚያ የሚከተለውን የሕግ ውሳኔ የሚሰጠው ግን ራሱ ነው።

ስለዚህ የቤተሰብ ድርሻ ፍርድ መስጠት ሳይሆን እውነቱን ማቅረብ ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? የት ታከመ? ምን መድኃኒት ወሰደ? በየት ላይ አቋረጠ? ይሉኝታ ይዞን የደበቅነው የሕክምና ካርድ ለልጃችን ትልቁ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ከቅጣት መዳን ወደ ቤት መመለስ ማለት አይደለም

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። ኃላፊ አይደለም የተባለው ሰው ለሕዝብ ወይም አብረውት ለሚኖሩት አደገኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተስማሚ በሆነ ተቋም ተጠብቆ እንዲቆይ ያዝዛል (አንቀጽ 130)። ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ እንዲታከም ያዝዛል (አንቀጽ 131)። ይህ ትእዛዝ እንደ እስራት ቅጣት አስቀድሞ የተቆረጠ ዘመን የለውም፤ ፍርድ ቤቱ በየጊዜው ያየዋል፣ ምክንያቱ ሲወገድም ያበቃል።

ተጎጂውስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2030 ጥፋትን ሲመዝን የአጥፊውን የአእምሮ ሁኔታ በመርሕ ደረጃ ግምት ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ በወንጀል ነጻ የወጣ ሰው ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ሆኖም አንቀጽ 2099 ዳኛው ርትዕ ሲያስገድድ ካሳውን እንዲቀንስ ይፈቅድለታል። የተመታው ጎረቤትም ወገናችን ነውና ይህን ማሰብ ይገባናል።

ጫትና መጠጥ በበዛበት ከተማ ስለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። ወንጀል ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው በአንቀጽ 50 ምክንያት በዚህ ከለላ አይጠቀምም። ከመጠን ያለፈ ጫት ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስ፣ ያለውንም ሊያባብስ ይችላል። «እስኪ ይቃም፣ ይረጋጋል» የምትሉ ወላጆች ተጠንቀቁ።

በጓሮ ያለው ሰንሰለት

ምንም ወንጀል ያልሠራውን ሕመምተኛስ ማሰር ይቻላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንዳያጣ ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 585 ሰውን ያለ ሕግ አግቶ መያዝን ይቀጣል፤ በሐሰት «አብዷል» ብሎ ጤነኛውን ለሚያግት ቅጣቱ ይከብዳል።

ብዙ ቤተሰብ ግን የሚያስረው በክፋት ሳይሆን ጨንቆት ነው። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቤተሰቦች የሚያስሩት ሕክምና ስላጡና ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጎዳ ስለፈሩ ነው፤ እያሰሩም እጅግ ያዝናሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከድሬዳዋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ሆስፒታል ስንቱ አቅም ነበረው? ዛሬ በከተማችን በድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ስለሚገኝ «የት እንወስደዋለን?» የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አያጸናንም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን ሰው አስታውሱ። ሰዎች ደጋግመው በሰንሰለት አሰሩት፤ ሰንሰለቱ አልፈወሰውም። ጌታ ግን አእምሮው ሲመለስለት ወደ ቤተሰቡ ላከው። በጸሎት ስም ሰው የሚታሰርበት፣ የሚገረፍበት ወይም መድኃኒቱን የሚጥልበት ቦታ ካለ አገልጋዮች ልንቃወመው ይገባል። መጸለይና ማሳከም አይጣሉም።

ለባልና ለሚስት

በ1992 የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፣ እንዲተጋገዙና እንዲደጋገፉ ያዝዛል። ሕመም ይህን ግዴታ አያነሳም። የትዳር ጓደኛችሁ ንብረቱን ማስተዳደር ካቃተው በምስጢር ስሙን ከማዞር ይልቅ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ። ባል ወይም ሚስት፣ ዘመድ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ራሱ ሕመምተኛውም ጭምር በፍርድ እንዲከለከል ማመልከት ይችላሉ። ክልከላው ከተወሰነ ሞግዚትና አሳዳሪ ይኖረዋል፤ ይህም የተደነገገው ለጤናውና ለጥቅሙ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መጠራጠር፣ የሌለ ድምፅ መስማት ስታዩ ቶሎ አሳክሙ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታስቁሙ። የሕክምና ወረቀቱን ጠብቁ። ሰው ለመጉዳት ከዛተ ስለቱንና ብረቱን ከአጠገቡ አርቁ፣ እርዳታም ጥሩ። ከተከሰሰ ለጠበቃውና ለዳኛው ሕመሙን ሳትደብቁ ተናገሩ። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ደግሞ ሳይጠራችሁ ጎብኙት፤ እናትዬዋ አንድ ሌሊት እንኳ ሳትሰጋ እንድትተኛ የሚያግዛት ሰው ትፈልጋለች።