ድርቅ ሲመጣና ዝናብ ሲበዛ

አርዲቦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ከፍ ብሎ የተኛ ውሃ ነው። ሲሞላ ትርፉ በአንከርካ ወንዝ ቁልቁል ወደ ታላቁ ሐይቅ ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲሳሳ ወንዙም ይመነምናል። የኢትዮጵያን መብራት ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ማሳያ የለም። ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከፍታ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ወርዶ ተርባይን ሲያሽከረክር ነው።

ዝናብ ሲያንስ የሚሆነውን በግንቦት 2011 አይተነዋል። በኦሞ ወንዝ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ ውሃው ጎደለና አገሩ ፈረቃ ገባ። የጎደለው 476 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለሱዳን የሚሸጠውም ኃይል ተቋረጠ።

ነፋስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦች በሚጎድሉበት ወራት ነው። አዳማ ላይ የቆሙት 136 ተርባይኖች አቅማቸው ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት ነው። ከጊቤ 3 አጠገብ ሲያስቀምጡት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ነፋሱ በሠራበት ሰዓት የግድቡ ውሃ ይቆጠባል፣ ነፋሱ ሲያርፍ ደግሞ ይለቀቃል። ሌሎች አገሮች ባትሪ ገዝተው የሚያገኙትን አገልግሎት እኛ ከግድብ እናገኛለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ ይህን ዕድል አስፍቶታል፤ የኦሞ ሸለቆ ሲደርቅ ዓባይ የግድ አብሮ አይደርቅምና። እሱም ግን ያው የዝናብ ጥገኛ ነው።

የክረምቱ ጣጣ ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ ግድቡ እየሞላ፣ በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል ተራሮች መብራት ቢጠፋ ተጠያቂው ውሃ አይደለም። መብረቅ ትራንስፎርመር ይመታል፤ ሥሩን ጎርፍ የሸረሸረው የእንጨት ምሰሶ ይጋደማል፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል። ለዚህ አዲስ ግድብም ሆነ አዲስ የነፋስ ጣቢያ አይፈይድም። የሚያስፈልገው የኮንክሪት ምሰሶ፣ የመብረቅ መከላከያ፣ በወቅቱ የተመለመለ ዛፍና ቶሎ የሚደርስ ጠጋኝ ነው። እነዚህ ሪባን አይቆረጥላቸውም፤ የሚዘነጉትም ለዚህ ይመስለኛል።

የተሰበረውን ትቶ ሌላውን መውቀስ የእኛ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2013 ውርጭ የአሜሪካዋን ቴክሳስ በጨለማ ሲመታ ብዙዎች ጣታቸውን በነፋስ ተርባይኖች ላይ ቀሰሩ። ተርባይኖቹም በረዶ ይዟቸው ነበር፤ ከሁሉ በላይ የጎደለው ግን የጋዝ ኃይል ነው።

የመስመር መቆራረጥ አማሮት ጣሪያው ላይ ሶላር ሊተክል ያሰበ ሰው ሻጩን «መስመር ሲቋረጥ ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ከመስመሩ ጋር ብቻ የተያያዘ፣ ባትሪ የሌለው ሶላር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ እንዲህ የተደረገው ምሰሶ ላይ የወጣውን ጠጋኝ እንዳይገድለው ነው።