«ሲደብረኝ»

በሳምንት ሦስት ቀን የወሲብ ፊልም የሚያዩ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ የሚያየው ደስ ስለሚለው ነው። ሌላው ከአለቃው ተጋጭቶ ሲገባ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ የዋለበትን ቀን ለመርሳት ይከፍተዋል። «በሳምንት ስንት ጊዜ ታያለህ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ተመራማሪ ሁለቱን አንድ መዝገብ ላይ ያሰፍራቸዋል። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ይለያቸዋል።

ለዚህ «ለምን» ከተሠሩት መጠይቆች አንዱ ከሃንጋሪ የመጣ ነው። ቤያታ ቦቴ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 24 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉት። መላሹ እያንዳንዱ ምክንያት በምን ያህል ድግግሞሽ እንደሚገፋፋው ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ያመለክታል፤ 1 በጭራሽ፣ 7 ሁልጊዜ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ስምንት ምክንያቶችን ይለካሉ፦ ወሲባዊ ደስታን፣ የማወቅ ጉጉትን፣ ምናብን፣ መሰላቸትን ማባረርን፣ በወሲብ ሕይወት አለመርካትን፣ ከሚያስጨንቅ ስሜት መሸሽን፣ ውጥረት ማብረድን፣ ራስን መፈተሽን።

ለምን ሦስት ሦስት? አንድ ጥያቄ ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል ነው። ሰው በችኮላ ያነበው፣ አንዲት ቃል ያልጣመችው እንደሆነ መልሱ ይዛባል። ሦስቱ ግን ይተራረማሉ። ስለ መሰላቸት ለሚጠይቁት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች 6፣ 7 እና 5 የመለሰ ሰው አማካዩ 6 ነው፤ ስለ ውጥረት 1፣ 2 እና 1 ከመለሰ ደግሞ ችግሩ ሥራ መፍታት እንጂ ጭንቀት እንዳልሆነ ይጠረጠራል። ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ የትኞቹ ዓረፍተ ነገሮች በእርግጥ አብረው እንደሚሄዱ ማወቁ ነው። በአንዱ ከፍ ያለ ቁጥር የሰጡ ሰዎች በሌሎቹም ከፍ ሲሉ ቡድኑ ይጸናል፤ አንዱ ከመንጋው ከተለየ ይጣላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሊን ኩፐር በ1994 እ.ኤ.አ. ሰዎች መጠጥ የሚጠጡበትን ምክንያት በ20 ጥያቄዎች አራት ቦታ ከፍላ ነበር፤ ለጨዋታ የሚጠጣና ሐዘኑን ለማስጠም የሚጠጣ አንድ እንዳልሆኑ ማንም የጠላ ቤት ደንበኛ ያውቃል። በወሲብ ፊልምም ጉዳይ በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት ወሲባዊ ደስታ ነው፤ ከስሜት መሸሽና ውጥረት ማብረድ ግን ከቁጥጥር ከወጣ አጠቃቀም ጋር ይበልጥ ይያያዛሉ። «ሱሰኛ ነኝ» የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ ብቻ እያየ፣ እምነቱ ስለሚከለክለው ራሱን ሱሰኛ የሚል ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ምደባም ከሥነ ምግባር ፍርድ ብቻ የመነጨ ጭንቀት ወሲባዊ ባህሪን መቆጣጠር አለመቻል ለሚባለው ሕመም በቂ ማስረጃ እንደማይሆን ይናገራል። ይህ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ለሚሄድ ሕዝብ የሚነገር ቁም ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ይህን መጠይቅ ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል የመጀመሪያው እንቅፋት «ደበረኝ» ነው። ሥራ የፈታ ልጅ «ደበረኝ» ይላል፤ እናቱ የሞተችበትም «ደብሮኛል» ይላል። መጠይቁ ግን መሰላቸትን ከሐዘን ለይቶ ነው የሚቆጥረው። «ሲደብረኝ አያለሁ» ብለን ከጻፍን ሁለቱ ምክንያቶች አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃሉ፣ ያ ሁሉ ስሌትም ከንቱ ይሆናል። «ስሜት»ም ከዚያ አይሻልም፦ «ስሜቴን ለማብረድ» የሚለውን አንዱ ንዴት፣ ሌላው የወሲብ ፍላጎት ብሎ ያነበዋል።

ስለዚህ ጥሩ ተርጓሚ «የምሠራው ሲጠፋኝ» እና «ሲከፋኝ» ብሎ ይለያቸዋል። ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፤ መሰላቸት ሐዘን ሆኖ ከመጣ ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ይጻፋል። በመጨረሻ ለጥቂት ሰዎች ይነበብና፣ ከመልሳቸው በፊት «ምን የተጠየቅህ መሰለህ?» ይባላሉ።