የጀማዓው መዝገብ አማና ነው፦ ስለ ዳታቤዝ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ



በየዓመቱ ተመራቂ ወንድሞችና እህቶች ኃላፊነታቸውን ለተተኪዎች ሲያስረክቡ አብሮ የሚተላለፍ ነገር አለ፤ መዝገቡ። የአባላት ስምና ስልክ፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ የኢፍጣር ዝርዝር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዘካው የታገዙ ተማሪዎች ስም በውስጡ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ በአንድ የኤክሴል ፋይል ተቀምጦ በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህን መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ማዛወር ለሚፈልጉ ጀማሪዎች ዋና ዋና ጥያቄዎችን እንመልሳለን።

ኤክሴል እያለ ዳታቤዝ ለምን ያስፈልጋል?

ኤክሴል የጻፋችሁለትን ሁሉ ይቀበላል። በብር ቦታ ስም ብትጽፉ ዝም ይላል። ሪሌሽናል ዳታቤዝ ግን መረጃን በሰንጠረዥ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ ያወጣችሁለትን ደንብም ያስከብራል። ሐሳቡን ያቀረበው የአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1970 ነበር። ዛሬ ማይ ኤስ ኪው ኤል፣ ፖስትግሬስ እና ኤስ ኪው ላይት በነፃ ይገኛሉ።

ለእኛ ሦስት ሰንጠረዦች ለመነሻ ይበቃሉ፦ አባላት፣ ገቢ እና ወጪ። ገቢው ላይ የአባሉ ስም ደግሞ አይጻፍም፤ የአባሉ መለያ ቁጥር ብቻ ይቀመጣል። ስልኩን የቀየረ አባል ሲኖር አንድ ቦታ ብቻ ታስተካክላላችሁ።

ደንቡ ምን ይጠቅመናል? ዘካ በሱረቱ ተውባ አያ 60 ለተዘረዘሩት ስምንት ክፍሎች ብቻ የሚሰጥ ሐቅ ነው። ሰደቃ ግን ሰፊ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ለአዳራሽ ኪራይ የወጣው ብር ከየትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ በገቢም በወጪም ሰንጠረዥ ላይ «ዓይነት» የሚል አምድ ይኑር፤ ባዶ መሆንም አይፈቀድለት። ዓይነቱ ያልታወቀ ብር አይመዘገብም።

ስም መለያ መሆን አይችልም?

አይችልም። በአንድ ዶርም ሕንፃ ውስጥ ስንት መሐመድ አህመድ እንዳለ አስቡት። አንዱ ሰው ራሱ «መሐመድ»፣ «ሙሐመድ»፣ «መሀመድ» እየተባለ ሊጻፍ ይችላል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አባል የማይደገም ቁጥር ስጡ። ይህ ፕራይመሪ ኪይ ይባላል። የገቢና የወጪ ሰንጠረዦች ይህንን ቁጥር ሲይዙ ፎሪን ኪይ ይሆናል፤ በአባላት ሰንጠረዥ ላይ በሌለ ሰው ስም ምንም ነገር መመዝገብ አይቻልም።

ሌሎች የተለመዱ እንቅፋቶችም አሉ። የስልክ ቁጥርን እንደ ቁጥር ካስቀመጣችሁት መጀመሪያው ላይ ያለው 0 ይጠፋል፤ እንደ ጽሑፍ አስቀምጡት። ዳታቤዙ በዩኒኮድ ካልተዘጋጀ የአማርኛው ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። የቀን አምድ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን እንደ 2ኛ ወር 30ኛ ቀን ብታስገቡ አይቀበልም፤ ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም። ቀኑን በፈረንጆች አስቀምጣችሁ፣ ስታሳዩ ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ሒጅራ ቀይሩት።

በመሃል መብራት ቢጠፋስ?

ለአንድ ተማሪ ከዘካው 2,000 ብር ስትሰጡ ሁለት ሥራ አለ፤ ከካዝናው መቀነስና በተማሪው ስም ወጪ መመዝገብ። ከመጀመሪያው በኋላ መብራት ቢጠፋ ብሩ ከመዝገቡ ወጥቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ለዚህ መፍትሔው ትራንዛክሽን ነው። ሁለቱ ሥራዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ።

ሌላም አደጋ አለ። ካዝናው ውስጥ 3,000 ብር አለ እንበል። አንዱ ገንዘብ ያዥ ፔዳ ግቢ፣ ሌላዋ ፖሊ ግቢ ሆነው በአንድ ጊዜ 3,000 መኖሩን አይተው እያንዳንዳቸው 2,500 ቢሰጡ፣ የሌለ 2,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ቀሪ ሒሳቡን ማየቱም መቀነሱም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ፣ ረድፉ ተቆልፎ ይሁን። ቀሪው ከ0 በታች እንዳይወርድም ደንብ አውጡ።

ነገሩ ተራ እንዳይመስለን መጋቢት 2016ን እናስታውስ። በረመዳን ወር አንድ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑንና ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል። ለእኛ ሁለት ትምህርት አለው። ሲስተም የሚሠራ ሰው ቁጥጥሩን አንድ ሌሊትም ቢሆን ክፍት መተው የለበትም። ተጠቃሚውም ሲስተሙ ስለፈቀደለት ብቻ የሰው ሐቅ ሐላል አይሆንለትም።

ሰው ሰብሮ የሚገባው እንዴት ነው?

ለጀማሪ ትልቁ በር ኤስ ኪው ኤል ኢንጄክሽን ነው። ድረ ገጹ ላይ ስም መፈለጊያ ሳጥን አለ እንበል። ፕሮግራማችሁ ሰው የጻፈውን ቃል በቀጥታ ከትእዛዙ ጋር ከቀጠለው፣ አንድ ተንኮለኛ የጥቅስ ምልክት አድርጎ «ወይም 1=1» የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል። 1 ሁልጊዜ ከ1 ጋር እኩል ስለሆነ ዝርዝሩ በሙሉ ይወጣለታል። መከላከያው ፕሪፔርድ ስቴትመንት ነው፤ ትእዛዙ ቀድሞ ይላካል፣ ሰው የጻፈው ለብቻው ይከተላል፣ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይነበብም። ይህን ሁሉም ዋና ዋና የፕሮግራም ቋንቋዎች ይደግፉታል።

ቀጥሎ ያሉትንም አትርሱ፦

• ድረ ገጹ በሩት አካውንት አይገናኝ። የሚያስፈልገውን ብቻ የሚፈቀድለት አካውንት ፍጠሩ።
• የኢፍጣር አስተናጋጅ የሰው ብዛትና ግቢ ይበቃዋል። ማን ዘካ እንደተቀበለ ማየት የለበትም። ለእርሱ የሚያስፈልጉትን አምዶች ብቻ የሚያሳይ ቪው አዘጋጁለት።
• የይለፍ ቃል እንዳለ አይቀመጥም፤ እንደ ቢክሪፕት ባለ ዘዴ ሐሽ ተደርጎ እንጂ።
• ዳታቤዙን በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱ። የማይ ኤስ ኪው ኤል መደበኛ በር 3306 ከውጭ ዝግ ይሁን።
• ተመርቆ የወጣ ሰው አካውንት በርክክቡ ዕለት ይዘጋ።

ባክአፕ ስንት ይበቃል?

ቢያንስ ሁለት፤ አንዱ ከግቢው ውጭ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ። ላፕቶፑ ቢሰረቅ አብሮት የሚጠፋ ቅጂ ባክአፕ አይባልም። በየሴሚስተሩም አንድ ጊዜ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ በችግር ቀን እምቢ ሊል ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የእኛ የአባላት ዝርዝር ደግሞ የሰውን እምነት በራሱ ይናገራል። ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ስለዚህ ልምምዳችሁን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አድርጉ።

ከሕጉ በፊት ግን ዲናችን አለ። ከቁርኣን ረጅሟ አያ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛዋ፣ ስለ ዕዳ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊው ፍትሐዊነትና ስለ ምስክር የምታዝ ናት። በዚያው ሱራ 271ኛዋ አያ ሰደቃን ደብቆ ለድሃ መስጠት የተሻለ እንደሆነ ታስተምራለች። ከቤተሰቡ ርቆ ባሕር ዳር የመጣ ተማሪ ችግሩን ለጀማዓው ሲናገር እፍረቱን ውጦ ነው። ስሙ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢወጣ የተሰጠው ብር የተነካ ክብሩን አይመልስለትም፤ ሌላው ችግረኛም ይህን አይቶ ዝም ይላል። መዝገቡን በትክክል መጻፍና የተረጂውን ስም መሸሸግ ሁለቱም የአማናው አካል ናቸው።

በዚህ የሥራ ዘመን መዝገቡን የተረከባችሁ ሁሉ ከአንድ ነገር ጀምሩ፦ የዘካ ተቀባዮች ዝርዝር አሁን በማን ማን ስልክ ላይ እንዳለ ጠይቁ፤ ትርፉን ቅጂ አስጠፉ። ሰንጠረዦቹ ኢንሻአላህ ቀስ ብለው ይደርሳሉ።