ወንዝ የሌላት ከተማ፦ የኩዌትና የአርዲያ መልክዓ ምድር

የኩዌት ከተማ የቆመችው ባሕሩ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ የብስ በገባበት በኩዌት ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ነው። ይህ ከማዕበል የተጠለለ ውኃ መልካም ወደብ በመሆኑ ዓሣ አስጋሪዎችን፣ ዕንቁ ጠላቂዎችንና ነጋዴዎችን ሰብስቦ ከተማዋን አስገኝቷል። የብሱ ግን የመጠጥ ውኃ ነፍጓታል፤ በመላ አገሪቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የነዋሪውን ጥም ያረኩት ከሻት አል ዐረብ ወንዝ ውኃ ጭነው የሚመጡ የእንጨት ጀልባዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 በሹወይክ የባሕር ውኃን ከጨው የሚለይ ተቋም ሥራ ሲጀምር የከተማዋ ዕድል ተለወጠ።

ምድሪቱ ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥታ ወደ ደቡብ ምዕራብ በዝግታ ከፍ ትላለች፤ በአገሪቱ ጠረፍ 300 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በመካከሉ ከተማዋን የሚያግድ ተራራም ሆነ ገደል የለም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራው የሸክላ አፈር ግንብ በ1957 ሲፈርስ፣ ከተማዋ በቅስት ቅርጽ በተዘረጉ የቀለበት መንገዶች እየታቀፈች ወደ በረሃው ሰፋች። በፈርዋኒያ ግዛት የምትገኘው አርዲያም የዚሁ ሜዳ አካል ናት። አዲስ አበባ ላይ ሰው መንገዱን በዳገትና በቁልቁለት ይለያል፤ እዚህ ግን በቀለበት መንገዶች ቁጥር ነው።

ሜዳነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በዓመት የሚጥለው ዝናብ በአማካይ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የሚወርደው ይህ ዝናብ አንዳንዴ በጥቂት ሰዓታት ዶፍ ይሆናል፤ ተዳፋት በሌለበት ምድር ደግሞ ጎርፉ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 መንገዶችና ቤቶች በውኃ ሲጥለቀለቁ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትሩ ከሥልጣን ለቀዋል። ዝናብ በሚጥልበት ዕለት ከድልድይ ሥር ከሚያልፉ ዝቅተኛ መንገዶች መራቅ ይገባል።

በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው «ሸማል» የተሰኘው ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል። ሚትሪባ በተባለው የበረሃ ጣቢያ ሐምሌ 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. የተለካው 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ በዓለም የሜትዎሮሎጂ ድርጅት ተረጋግጧል። ከሰኔ 1 እስከ ነሐሴ 31 እ.ኤ.አ. ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አርዲያ ወንዝ ባይኖራትም ከምድሯ ሥር ብዙ ውኃ ይጓዛል። ከቤቶች የሚወጣው ፍሳሽ በአርዲያ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ ተሰብስቦ በቧንቧ ወደ ሱለይቢያ ይገፋል። በዚያ ያለው ተቋም በቀን 375,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታቅዶ የተሠራ ነው፤ የጠራው ውኃም ለእርሻ ይውላል። አንዲት እናት በአርዲያ ማእድ ቤት ዕቃ ያጠበችበት ውኃ በሌላ ስፍራ አትክልት ያለመልማል ማለት ነው። ውኃን መቆጠብ በዚህች ምድር ከልማድነት አልፎ የከተማዋ የመኖር መሠረት ነው።