ሽቦ ማሳጠር ኃይል መቀነስ አይደለም

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮረንቲ ስንጽፍ የሳይንስ ወንድሞቻችን ይስቁብን ይሆናል። ነገር ግን ቫልቮላው በተቃጠለ ቁጥር በጨለማ የምንቀመጠው አብረን ነው።

የምድጃችን ጥምዝምዝ ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጠን እንቀጥለዋለን፤ ሽቦው ስላጠረም ሙቀቱ የሚቀንስ ይመስለናል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሽቦው ባጠረ መጠን ለኮረንቲው የሚያሳየው ተቃውሞ ስለሚቀንስ ብዙ ኮረንቲ ያልፋል። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚስብ ምድጃ፥ ከሽቦው አንድ አምስተኛው ቢቆረጥ ወደ 1250 ዋት ይስባል።

ኃይል የሚቀንሰው ሽቦውን በማርዘም ነው። ሁለት እኩል ባለ 1000 ዋት ሽቦዎች በባለሙያ እጅ አንዱ ከሌላው ጫፍ ቢቀጠሉ፥ እያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ቮልት ነው፤ የሚያልፈውም ኮረንቲ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ 250፥ ሁለቱ በድምሩ 500 ዋት ይስባሉ። ሻዩ ይዘገያል እንጂ ቫልቮላው አይቃጠልም።

እንግዲህ ሽቦ ሲበጠስ አስቀድመን ሶኬቱን እንንቀል፤ ከዚያም ገንዘብ አዋጥተን ሙሉውን አዲስ እንግዛ። የጥቂት ሳንቲም ቁጠባችን የጓደኞቻችንን የጥናት ሌሊት አያጨልም።