እርከኑ አንድ፣ እርካታው ሌላ

የሥራ እርካታ ሠራተኛው ከሥራው የጠበቀውንና ያገኘውን ሲያመዛዝን የሚያድርበት ስሜት ነው። በአንድ የደመወዝ እርከን ላይ ካሉ ሁለት ባለሙያዎች አንዱ ረግቶ ሲሠራ ሌላው በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፈው ለዚህ ነው። ደቡብ ወሎ ላይ ልዩነቱን መልክዓ ምድሩም ያሰፋዋል። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወልድያ አስፋልት ላይ ተቀምጣለች፤ በአጎራባቹ አምባሰል ግን ከመኪና ተወርዶ ዳገትና ገደል በእግር የሚኬድባቸው ቀበሌዎች አሉ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ ፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን በሥራቸው እጅግ የተደሰቱበትንና የተከፉበትን ጊዜ ጠይቋል። ሰዎቹን ያስከፋቸው በአብዛኛው አለቃ፣ መመሪያ፣ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ነበር። ያስደሰታቸው ግን አንድ ነገር ማሳካታቸው፣ መመስገናቸው፣ ኃላፊነት ማግኘታቸውና ሥራው ራሱ ነው። በኸርዝበርግ እይታ ደመወዝ ማጉረምረምን ያስታግሳል እንጂ የሥራ ፍቅር አይወልድም።

ሥራው ራሱ እንዴት እንደሚያረካ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጥሩ ማሳያ ነው። ሠራተኛዋ የክትባቱን ሣጥን በትከሻዋ አንግታ ጠዋት ከጤና ኬላው ትወጣለች፤ አንዱ ደጅ ላይ ውሻ ይጮኽባታል፣ ሌላው ቤት ቡና ይፈላላታል። ነፍሰ ጡር ሳለች የመዘገበቻትን እናት ከወራት በኋላ ሕፃን አዝላ ታገኛታለች። ምሁራኑ ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም ሥራን አርኪ ያደርጋሉ ካሏቸው አምስት ባሕርያት ሦስቱ እዚህ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፦ ሥራን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው መያዝ፣ ለሰው ሕይወት መበጀቱ፣ ውጤቱን ማወቅ። የተለያየ ሙያ መጠየቁም አልቀረም። አምስተኛውን፣ በራስ መወሰንን፣ ከላይ የሚወርድ ዘመቻና ተደራራቢ ሪፖርት ይሸረሽረዋል።

ኸርዝበርግ ሳይተች አላለፈም። ሰው ስኬቱን ለራሱ፣ ብስጭቱን ለሌላው መስጠት ይወዳልና መልሶቹ ያደሉ ናቸው ያሉ አሉ። ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ በማይሸፍንበት አገርም ገንዘብን ዳር ማስያዝ አያስኬድም። ከደመወዝ እኩል የሚነሳው ደግሞ ዝውውር ነው። ባሏ ሐይቅ፣ እሷ አምባሰል ተራራ ላይ የምትኖር ሠራተኛ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ካወቀች ርቀቱን ትችለዋለች። ተራው በዘመድ ይዘለላል ብላ ከጠረጠረች ግን የሚቆረቁራት ዳገቱ ሳይሆን አድልዎው ነው።

የሥራ መሣሪያ መኖር አለመኖሩም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲደርስ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ሙያው እያለው በሽተኛ ባዶ እጁን የሚመልስ ሰው ደመወዙ በቀኑ ቢገባለትም አይረካም።

ይህ ሁሉ ከሠራተኛው ማኅደር አይገኝም። የሚለቅ ሠራተኛ በመልቀቂያው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «በግል ጉዳይ» ብሎ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ገና ሥራው ላይ ሳለ ነው።